የቅሬው ናፍጣ

እና ስምንት ለሩብ ሲካፈል ሠላሳ ሁለት ነው፣ ከየትኛውም ወገን ብገለብጠው ሠላሳ ሁለት፣ መዳፍ በምታክል የብረት ገጽ ላይ አንድ አምፔር ስትለቅበት ዚንኩ በደቂቃ ሩብ ማይክሮን ይለብሳል፣ ክረምት የሚችል ቡሎን ደግሞ ስምንት ማይክሮን ይፈልጋል፣ ስለዚህ ሠላሳ ሁለት ደቂቃ፣ ጄኔሬተሩ ሆድ ውስጥ ያለው ናፍጣ ግን የአሥራ ሁለት ደቂቃ ነው፣ እንጨት ነክሬ አይቻለሁ፣ አውጥቼ ጠርጌ እንደገና ነክሬ አይቻለሁ። ናፍጣ ስላዩት አይጨምርም።

እማማ አሚና በሩ ላይ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው ተቀምጠዋል፣ ፊታቸውን ለአስፋልቱ ጀርባቸውን ለእኔ ሰጥተው፣ ሙስበሃቸውን ይቆጥራሉ፣ ምናለ ቤታቸው ሄደው ቢጠብቁ፣ ይሂዱ እማማ፣ ሲደርስ እኔው አመጣልዎታለሁ ብያቸው ነበር፣ ኧረ እዚሁ ይሻለኛል ልጄ፣ ቤትስ ማን አለኝ ብዬ፣ አሉኝ። ማን አለኝ። ኢስሐቅ ነበራቸው፣ አንድ ወንድ ልጅ፣ ሳቁ ከሲሪንቃ መርሳ የሚሰማ፣ አሁን የለም፣ ቡሎኑም የእሱ ነው፣ ማለቴ ለእሱ ለቅሶ ድንኳን ነው፣ እና እኔ እዚህ ቆሜ ስምንትን ለሩብ አካፍላለሁ፣ መልሱ የሚለወጥ ይመስል።

እስኪ ከመጀመሪያው። ቀስ ብለህ፣ እንደ ተማርከው። ቡሎኑ አሥር ሚሊ ውፍረት፣ ስድሳ ሚሊ ርዝመት፣ ከነጭንቅላቱ ከነጥርሱ የመዳፍ ሲሶ አይሞላም፣ ዳዶና ሮንዴላ ሲጨመርበት ግማሽ መዳፍ ሊሆን ጥቂት ይጎድለዋል፣ መቶ ሃያ ጥንድ ነው፣ ሃምሳ አምስት መዳፍ፣ ሃምሳ አምስት አምፔር፣ ይኼ ትክክል ነው፣ እዚህ ላይ አልተሳሳትኩም፣ ሒሳብ ላይ ተሳስቼ አላውቅም፣ እኔ የምሳሳተው ሌላ ቦታ ነው። አምፔሩን እጥፍ ባደርገውስ፣ መቶ አሥር፣ ያኔ ጊዜው አሥራ ስድስት ይሆናል፣ የጄኔሬተሩን ኃይል መጥኖ የሚለቀው ሬክቲፋየር ግን ከመቶ አያልፍም፣ ቢያልፍም በርሜል ውስጥ ያለ ዕቃ እንዲያ አይገረፍም፣ ጠርዙ ይቃጠላል፣ ጥርሱ ውስጥ ምንም አይገባም፣ እሱም ቢሆን አሥራ ስድስት ነው፣ እኔ ያለኝ አሥራ ሁለት። ከቡሎኑ ግማሹን ባወጣስ፣ አምፔሩ ይቀንሳል እንጂ ደቂቃው አይቀንስም፣ ለአንድም ቡሎን ለመቶም ያው ነው፣ ዚንክ ለማንም አያደላም። አሥራ ሁለት በሩብ ሲባዛ ሦስት። ሦስት ማይክሮን።

ያበራል ግን። መጥፎው ነገር ይኸው ነው፣ ያበራል። አምስተኛው ደቂቃ ላይ እንኳ አውጥተህ ብታጥበው እንደ አዲስ ማንኪያ ያበራል፣ ሦስትና ስምንትን በዓይን የሚለይ ሰው ከእናቱ አልተወለደም፣ ማንም አያውቅም፣ ቅዳሜ ድንኳኑ ይቆማል፣ ሰው ይቀመጣል፣ ይለቀሳል፣ እህል ውሃ ይባላል፣ ሁሉም እጅህን ይባርከው ይሉኛል፣ እኔም አሜን እላለሁ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ አሜን። ከዚያ ሐምሌ ይመጣል። ሐምሌ ላይ አንድ ሌላ ሰው ሞቶ ድንኳኑ ሲተከል ከየቡሎኑ ስር ቡናማ ውሃ ይወርዳል፣ ነጩ ሸራ ላይ፣ ከሸራው ደግሞ ለቅሶ የተቀመጠው ሰው ትከሻ ላይ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ እኔም እዚያው መሀል ተቀምጬ ወደ ላይ አላይም።

ያኔ ማን ይጠይቀኛል፣ ጦርነቱ ብረቱን አበላሸው ማለት ይቻላል፣ ዘንድሮ ሁሉ ነገር በጦርነቱ ይሳበባል።

የኛ ቅሬ፣ የቀብር ዕድራችን፣ እስላም ክርስቲያን አይልም፣ ሬሳ ሬሳ ነው፣ የሞተበት ቤት ደጅ ላይ ድንኳኑ ይተከላል፣ ቤቱ በየተራ እህሉን ይዞ ይመጣል፣ ቀብር የቀረ ይቀጣል፣ ደጋግሞ የቀረ በእሱ ቀን ሰው አይወጣለትም። ድንኳኑ በዚያ ጊዜ ከነብረቱ ተወሰደ፣ ከተማዋ በሌላ እጅ በነበረችበት ጊዜ፣ ስለዚህ በእነዚያ ወራት የሞተ ሁሉ ያለ ድንኳን ተቀበረ። ኢስሐቅንም አራት ሆነው በማለዳ ቀበሩት፣ እኛ በሌለንበት፣ እኛ ማለቴ እኔ፣ ጮክ ብሎ ማልቀስ እንኳ አልተቻለም አሉ፣ አንዱን የቃሬዛ እግር የያዙት ጋሽ ፈንታው ነበሩ፣ የቅሬው ዳኛ፣ ማተባቸው አንገታቸው ላይ፣ ላ ኢላሃ ኢለላህ ከሚሉት ጋር እኩል እየተራመዱ። እኔ ያኔ ደሴ፣ ደሴ ሳይሆን ሲቀር ደብረ ብርሃን፣ ዘመድ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ላይ ተጋድሜ ስልኬን እነካካለሁ። መሸሽ ነውር አይደለም፣ ያልሸሸ የለም፣ ማንም ሰው ለምን ሸሸህ አላለኝም። ይህን ሬክቲፋየር በማሽላ አገዳ ሸፍነው ከከብቶቻቸው ጋር ያቆዩልኝ እማማ አሚና ናቸው፣ ልጃቸውን ማቆየት አልቻሉም፣ የእኔን ብረት አቆዩ፣ ስመለስ እንካ አሉኝ፣ አቧራውን በጉርዳቸው ጠርገው።

ቅሬው ሲሰበሰብ አንገቴን ደፍቼ ጥግ ተቀመጥኩ፣ ቅጡኝ አልኩ፣ ጋሽ ፈንታው ሳቅ አሉ፣ ነፍሱን ያዳነ ሰው ምን ተብሎ ይቀጣል፣ የኢስሐቅን ለቅሶ ቅዳሜ በድንኳን እንቀመጣለን፣ አዲስ ብረት አስበይደናል፣ ቡሎን ገዝተናል፣ አንተ አልብስልን፣ እጅህ ይግባበት ብቻ፣ አሉ። እጅህ ይግባበት። ይቅርታ ማለት እንዲህ ሲሰጥ ነው፣ ሰው ሳይዋረድ። እኔ ደግሞ ደስታዬ ራሴ ላይ ወጣና ለሽማግሌ ሁሉ ሒሳብ አስተማርኩ፣ መዳፍ ዘረጋሁ፣ አምፔር ቆጠርኩ፣ ሠላሳ ሁለት ደቂቃ፣ ሁለት ሊትር ናፍጣ፣ ከዚያ ጠብታ አይተርፍም፣ ጠብታ አይጎድልም አልኩ። ምን አስቀባጠረኝ። አዋቂ መምሰል አምሮኝ ነው፣ ከሄደበት ባዶ እጁን እንዳልመጣ ሰው።

ናፍጣውን እንደ ለቅሶ እህል አዋጡት። ናፍጣ እኮ የለም፣ በየመንገዱ በሃይላንድ የሚሸጠውም ጠፍቷል፣ ወፍጮው ቆሟል፣ እማማ አሚና ግን ባዶ ሃይላንድ ይዘው በየቤቱ ዞሩ፣ አንዱ ከኩራዙ፣ አንዱ ከተበላሸ መኪናው ስር፣ ወደ ግራና በሚወስደው መንገድ ሽንኩርት የሚያለሙት ደግሞ ከውሃ መሳቢያ ሞተራቸው እያዘቀዘቁ፣ በኩባያ በኩባያ፣ አብዱልሐሊም ማሳው ውስጥ ቆሞ ሽንኩርት ቢጠማ ይታገሣል፣ የኢስሐቅ ለቅሶ ነው የማይታገሠው አለ አሉ። ሁለት ሃይላንድ ሞላ። ትናንት አምጥተው እዚህ ጠረጴዛ ላይ አኖሩልኝ፣ ልዑል ልጄ ይኸው ሁለት ሊትሩ፣ ለነገ ከሰዓት ነው አይደል፣ አዎ እማማ፣ ከሰዓት ይምጡ።

ጠዋት ሚኪያስ መጣ።

ሚኪያስን ምን ልበለው፣ የወልድያ ልጅ፣ ሐራ ላይ የመጋዘን ጣሪያ ይዟል፣ የቆርቆሮ መንጠቆውን በጆንያ ዘርግፎ፣ አቦ ልዑሌ ሃያ ደቂቃ ብቻ በላት፣ ቀለም ይያዝ በቃ፣ ናፍጣ የለኝም፣ ይኼ ምንድነው ታዲያ ጠረጴዛው ላይ፣ የሰው ነው፣ አቦ ፋራ አትሁን፣ እኔ እስከ ሰባት ሰዓት ሙሉ ጀሪካን ይዤልህ ከች ነው፣ እናቴ ትሙት፣ ካልሆነ ኮምቦልቻ እወስደዋለሁ። ኮምቦልቻ ከሄደ አይመለስም፣ እሱ ካልመጣ ሌላውም አይመጣም፣ ይኼ ቤት ተዘግቶ ይቀራል፣ እነዚህን ሁሉ ምክንያቶች አሁን ነው የምደረድራቸው፣ ያኔ ግን አንዱንም አላሰብኩም፣ እጄ ሃይላንዱን አነሳ፣ ክዳኑን ፈታ፣ አንቆረቆረ፣ ሃያ ደቂቃው ነደደ፣ አሥራ ሁለቱ ቀረ። እጄ ይግባበት ብለው የለ፣ ገባበት።

አሁን ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፣ ስልኩን እደውላለሁ፣ ያቺ የቴሌ ሴትዮ በጨዋ አማርኛ የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪ ሊቀበሉ አይችሉም ትለኛለች፣ እንደገና እደውላለሁ፣ ያንኑ ትለኛለች፣ ትዕግሥቷ ያናድዳል። ልዑል፣ ይላሉ እማማ አሚና ከበሩ ሳይዞሩ፣ አቤት፣ አብሽር ልጄ፣ ሳትቸኩል ሥራው፣ እኔ እንደሁ ከዚህ አልነሳም። አብሽር አሉኝ። እኔን ያጽናናሉ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ግልግል ነበር፣ ይኼ ሲሚንቶ ግን አይከፈትም፣ እኔው ነኝ ያስለሰንኩት።

አስነሳዋለሁ። ምን ላድርግ፣ ሳላስነሳው ብቆይ ለምን አይጀምርም ይሉኛል፣ ገመዱን እስባለሁ፣ ያስላል፣ እስባለሁ፣ ይነሳል፣ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ በርሜሉ የዚንኩ ውሃ ገንዳ ውስጥ ቀስ ብሎ መዞር ይጀምራል፣ ቡሎኖቹ ሆዱ ውስጥ እየተንሸራተቱ ይወድቃሉ፣ የአምፔሩን ቁልፍ አዞራለሁ፣ ሃያ፣ አርባ፣ ሃምሳ አምስት፣ ቀጥ። ደስ የሚል ነገር ነበር ድሮ፣ መርፌዋ ካሰብኩት ቁጥር ላይ ስትቆም ደስ ይለኝ ነበር፣ ዓለም ከወረቀቴ ጋር ተስማማ ብዬ። አንደኛው ደቂቃ፣ ሩብ። ሁለተኛው፣ ግማሽ። ንገራቸው። አሁን ንገራቸው፣ ገና ነው፣ ሞተሩ እየጮኸ ስለሆነ ግማሹን ቃል አይሰሙትም፣ እንዲያውም ቀላል ነው፣ እማማ ናፍጣው ጎድሏል፣ ጎድሏል አይባልም፣ ራሱ ጎደለ እንዴ፣ ናፍጣውን ሰው ወሰደው፣ ማን ሰው፣ ሞተሩ ብዙ ጠጣ፣ ያረጀ ሞተር ነው፣ ይኼ ይሆናል፣ ይኼ ይታመናል፣ ሒሳብ አዋቂው ልዑል አንዴ ሒሳብ ሳተ ይባላል፣ ይሁን፣ ሌባ ከመባል ደንቆሮ መባል ይሻላል። ደንቆሮ መባልም አልችልም። እኔ እኮ ይኼን ያህል ትንሽ ሰው ነኝ፣ ሁለቱንም አልችልም፣ ሌባነቱንም ደንቆሮነቱንም።

አምስት ደቂቃ። ያበራል አሁን፣ ሳላየው አውቃለሁ። ኢስሐቅ አንዴ እዚህ መጥቶ የሞተር ብስክሌቱን መሪ አልብስልኝ ብሎኝ ነበር፣ ይኼ በርሜል ለትንንሽ ዕቃ ነው፣ መሪ አይገባም አልኩት፣ ቆርጠኸው አስገባዋ ብሎ ሳቀ፣ ያ ሳቁ፣ ሰፈሩ ሁሉ ዞሮ አየን። ሰባት ደቂቃ። እናቱ ጀርባ ላይ ፀሐይ አርፏል፣ ትከሻቸው ጠቧል፣ ድሮ እንዲህ አልነበሩም፣ የሚቆጥሩትን ሙስበሃ አቁመዋል፣ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው፣ ያዳምጣሉ መሰለኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ይባላል፣ እውነት ነው፣ ጠዋት አላፈርኩም፣ አሁን ሳፍር ደግሞ ወደፊት ብቻ ነው የሚገፋኝ፣ ወደ ውሸቱ፣ የኋሊት መንገድ ያለ አይመስለኝም። ዘጠኝ። አሥር፣ ሁለት ማይክሮን ተኩል፣ እግዜር ሆይ አንድ ጊዜ ብቻ ናፍጣ ከሒሳብ ውጭ ይብዛ፣ የሰራፕታዋ መበለት ዘይት በዝቶ የለ፣ እሷ ግን ያላትን ሰጥታ ነው የበዛላት። አሥራ አንድ።

ሞተሩ ያስላል። አንዴ ጮክ ይላል፣ ሊሞት ያለ ሁሉ እንዲህ ነው፣ ከዚያ ዝም።

መርፌዋ ዜሮ ላይ ትወድቃለች፣ በርሜሉ ግማሽ ዙር ዞሮ ይቆማል፣ ውሃ ይንጠባጠባል። ይኼን ያህል ጸጥታ ከየት መጣ፣ ማዶ የሚያስል ሰው ይሰማኛል፣ አንዲት ፍየል፣ የሆነ ቤት በር ሲከፈት። እማማ አሚና ተነስተው ወደ እኔ ይዞራሉ፣ ዓይናቸው ጥርት ያለ ነው፣ አያለቅስም አይቆጣም፣ ይጠብቃል። አለቀ ወይ ልጄ፣ ይላሉ።

አለቀ እማማ።

እንዲህ ቀላል ነው። አንዲት ቃል፣ ምላሴ ላይ እንኳ አልከበደችም። በርሜሉን አወጣለሁ፣ ቡሎኖቹን አጥባለሁ፣ ሁለቴ ሦስቴ አጥባለሁ፣ ቀና እንዳልል፣ ነጠላቸውን ዘርግተው ይቀበሉኛል፣ ከነእርጥበቱ አፈስላቸዋለሁ፣ ያበራል፣ በፀሐዩ ላይ ዓይን ይወጋል፣ ማሻ አላህ ይላሉ ቀስ ብለው፣ አንዱን ቡሎን አንስተው በአውራ ጣታቸው ይዳብሱታል፣ ይመልሱታል፣ ነጠላውን በአራት ማዕዘን ይቋጥራሉ፣ ቋጠሮውን ያጠብቃሉ። ይሂዱልኝ። ቶሎ ይሂዱልኝ።

ጠዋት ሞተርህ ሲጮህ ሰው ሁሉ ሰማ ልዑል፣ ይላሉ፣ ቋጠሮውን እያዩ፣ እኔን ሳይሆን። ስንት ወር ሙሉ ሞተር ያልሰማ አገር ነው፣ ሁሉም ከቤቱ ወጥቶ አዳመጠ፣ ፈንታው ይኼ ልጅ ያለ ቀጠሮው ምን ይሠራል አለ፣ በእጅ ሰዓቱም ደቂቃውን ቆጠረብህ፣ ሊመጣብህ ሲል እኔ ነኝ ያስቀረሁት፣ ተወው፣ እኔ ሄጄ በሩ ላይ እቀመጣለሁ፣ ራሱ ይነግረኛል፣ ልጁን አውቀዋለሁ አልኩት ወላሂ።

ቋጠሮውን ያነሳሉ።

አለቀ ካልክ እንግዲህ አለቀ፣ ይላሉ፣ ለፈንታውም አለቀ ብሎኛል እለዋለሁ።

ሁሉም ሰምቷል። ለቀባሪው አረዱት የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው፣ እኔ እዚህ ስደብቅ የኖርኩት ግድግዳ አልፎ ጣሪያ አልፎ በየማሳው ደርሷል፣ አብዱልሐሊም የተጠማ ሽንኩርቱ መሀል ቆሞ የራሱን ናፍጣ ድምፅ ሰምቷል፣ ይኼ ሁሉ ሒሳብ፣ ይኼ ሁሉ አምፔር፣ ድምፅ የሚባል ነገር እንዳለ ግን አላሰብኩም፣ መብራት በሌለበት አገር ሞተር አስነስቶ የሚሰርቅ ሌባ እኔን ብቻ ነው ያየሁት። እሳቸውም አውቀው ነው የመጡት። ስንት ጊዜ ሙሉ ጀርባቸውን ሰጥተው የተቀመጡት እንዳላፍር ነው፣ ፊቴን ሳያዩ እንድናገር። አብሽር ያሉኝ ለዚህ ነው።

ይሄዳሉ። አስፋልቱን ይዘው፣ ቋጠሮው ከብዷቸው በአንድ ጎናቸው ዘንበል ብለው፣ ቡሎኖቹ በየእርምጃቸው ይጋጫሉ። ልክ ነው፣ ይሂዱ፣ ከእንግዲህ ምን ይባላል፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፣ የእኔ አላደረም፣ ገና ሳይመሽ ጠራ፣ እና እግሬ ደጁ ላይ ነው፣ መቼ ወጣሁ፣ ጓንቴን እንኳ አላወለቅኩም።

እማማ አሚና።

ይቆማሉ። አይዞሩም።

ሚኪያስ የሚባል ልጅ፣ እላለሁ፣ ከወልድያ፣ ናፍጣ ይዤ እመጣለሁ ብሎኝ።

እግራቸው ይነሳል፣ ይሄዳሉ።

መንገዱ ነው እንጂ እማማ፣ ስልኩም እንቢ ብሎኝ፣ ቢመጣማ ኖሮ።

ይሄዳሉ፣ አልፈጠኑም፣ አልዘገዩም፣ ብረቱ ይጋጫል፣ በየደጁ ሰው ቆሞ ያያል፣ ልጆችም ትልልቆችም፣ የቀረኝ ሌላ ስም የለም፣ ሁሉንም ጠርቼ ጨርሻለሁ።

እኔ፣ እላለሁ።

ይቆማሉ።

እኔ ነኝ እማማ። ናፍጣውን ጠዋት ለራሴ ሥራ አነደድኩት። ቡሎኑም አልለበሰም፣ እንዲሁ ያበራል እንጂ ክረምቱን አይችልም። አለቀ ያልኩዎትም ውሸት ነው።

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት መሰለኝ፣ ማዶ ያለችው ሴትዮ ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። እማማ አሚና ይዞራሉ፣ የመጡበትን ይመለሳሉ፣ አጠገቤ ሲደርሱ ቋጠሮውን በሁለት እጃቸው አንስተው እጄ ላይ ያኖሩታል፣ ገና እርጥብ ነው፣ ከብረት በላይ ይከብዳል። ይቆጣሉ ብዬ እጠብቃለሁ፣ ቢቆጡ ደስ ባለኝ፣ ቢሰድቡኝ፣ አንድ ጥፊ።

ቡሎኑ እንዲሁ ባዶውን ይታሰራል፣ ይላሉ። አንተ ቅዳሜ ድንኳኑ ውስጥ ተነስተህ አሁን ያልከኝን ለሰው ሁሉ ትላለህ።

እሺ እማማ።

ከዚያ ትቀመጥና፣ ይላሉ፣ ድምፃቸው እዚህ ላይ ይሰበራል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከእኔ ጋር ልጄን ታለቅስልኛለህ።